የማይታረቁ ጋዞች

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሚዛኑ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ተጣልተው ወደ ቤታችን ያልመጡት ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ ወንድምና ወንድም በራችንን አንኳኩተው ይገባሉ። እሱ የሁለቱንም ቃል ሳያቋርጥ ይሰማል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነገሩን ከመሃል ይከፍለዋል። ሲወጡ ደስ ያለው ሰው አይኖርም፤ ተሸነፍኩ የሚልም አይኖርም። አባቴ የፍትሕ ጫፍ ይህ ነው ብሎ ያምናል። «አሸናፊ ካለ ጠቡ አላለቀም» ይላል።

እናቴ ከዚህ ፍትሕ ጋር ስትኖር ሸብታለች። እህቴ ሳሎኑ ሰማያዊ ይቀባ፣ እኔ ደግሞ ነጭ ይሁን ብለን የተሟገትን ጊዜ፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። እናቴን የትኛውን ትወጃለሽ ያላት የለም፤ እሷ አልተጣላችማ። ጎረቤታችን የእኛ የኩሽና መስኮት ግቢዬን ያሳያል ብላ ስትከስ ደግሞ፣ አባቴ ለገዛ ሚስቱ አዳላ እንዳይባል የመስኮቱን ግማሽ በጣውላ አስመታው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሽንኩርት የምትከትፈው በግማሽ ብርሃን ነው።

መኪናችን ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ማቀዝቀዣዋ፣ ኤሲዋ፣ ከሞተ ቆይቷል፤ ከተማችን ነፋሻ ስለሆነች መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃን ነበርና የደነገጠለት አልነበረም። ነገሩ የተነሳው አክስቴ የደወለች ቀን ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። የምትኖረው ቁልቁል ተወርዶ ተወርዶ በሚደረስበት፣ ጥላ እንኳ በሚያልብበት ቆላ ነው። ዓይኗ እየደከመ መሆኑን እናውቃለን። ያን ቀን ግን ድምጿ ሌላ ነበር።

«የቀረሽ ብርሃን ጥቂት ነው አሉኝ» አለቻት እናቴን። «ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ፊትሽን ልየው። ኋላ በድምፅ ብቻ እንዳላስታውስሽ።»

እናቴ ስልኩን ዘጋች። ሙቀት ሲበዛባት ራሷን ትስታለች። ባለፈው ወደ እህቷ ስትወርድ ከአውቶቡስ ያወረዷት በቃሬዛ ነው። ሐኪሙም በቀዘቀዘ መኪና ካልሆነ ያን መንገድ እንዳትሞክሪው ብሏታል። በዚያ መስመር የሚሠሩት አውቶቡሶች ደግሞ ያላቸው ማቀዝቀዣ የተሰበረ መስኮት ብቻ ነው።

«ኤሲውን አስጠግነዋለሁ» አለ አባቴ።

«ሙሉውን?» አለች እናቴ።

አባቴ ጥያቄው አልገባውም።

ጋራዡ የሁለት ሰዎች ነው። አንዱ የእናቴ የአክስት ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ የቤት ፍሪጅ ይጠግን ስለነበር ዛሬም ሰው ሁሉ ጋሽ ፍሪጅ ይለዋል። ሌላው የአባቴ የሟች ጓደኛ ልጅ ነው፤ የፋብሪካውን መጽሐፍ ሳይገልጥ ብሎን እንኳ ስለማይፈታ ማኑዋል የሚል ስም ወጥቶለታል። ሽርክናቸው ሊፈርስ ሲል ያስታረቃቸው አባቴ ነበር። ወለሉን በቢጫ ቀለም ከመሃል አስመረ፤ የአየር መምጠጫውን ፓምፕ ለጋሽ ፍሪጅ፣ የግፊት መለኪያውን ለማኑዋል ሰጠ። ፍርዱ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ፣ መለኪያ የሌለው ፓምፕም ሆነ ፓምፕ የሌለው መለኪያ አንድ መኪና አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ሁለቱ በመስመሩ ላይ ዕቃ እየተቀባበሉ፣ ካልተከራከሩ በቀር ሳይነጋገሩ ይሠራሉ። አባቴ ከፈረዳቸው ሁሉ በዚህ ይኮራል።

መኪናዋን ልክ መስመሩ ላይ አቆማት፤ የግራ ጎማዎቿ ወደ አንዱ፣ የቀኞቹ ወደ ሌላው።

ጋሽ ፍሪጅ ኮፈኗን ከፍቶ እንደ ፈረስ አንገት ደባበሳት። «ይቺ ልጅ የተወለደችው በአሮጌው ጋዝ ነው፣ አማቼ። አሁን ምን አጠፋች ብለህ ነው እንጀራ እናት የምታመጣባት? እኔ ጋ ከድሮ ያስቀመጥኩት ሲሊንደር አለ። እሱን እሞላልሃለሁ፣ ሹራብ ይዘህ ትሄዳለህ።»

«ጋሼ፣ አይስሙት» አለ ማኑዋል ከመስመሩ ማዶ። «አሮጌው ጋዝ የሰማዩን የኦዞን ሽፋን አሳሳ ተብሎ ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ዛሬ በስሙ የሚሸጠው ሲሊንደር ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም።»

«የኔ የጥንቱ ነው።»

«ከማን ገዝተውት?»

«ከማምነው ሰው።»

«እሱስ ከማን አመጣው?»

«እሱ ሞቷል» አለ ጋሽ ፍሪጅ፣ ክርክሩ በዚህ እንደተዘጋ ሁሉ።

ማኑዋል እጁን በጨርቅ ጠረገ። «በአዲሱ ጋዝ እንሥራ ካልን ሥራው ብዙ ነው፣ አልዋሽዎትም። የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይስማማ ከውስጥ ይታጠባል። የጎማ ቀለበቶቹ ይለወጣሉ፣ ፊልትሮውም ይለወጣል። ያም ሆኖ እንደ አሮጌው አያቀዘቅዝም፤ መኪናዋ ስትቆም በተለይ ይደክማል።»

«ይኸው! በገዛ አፉ!» አለ ጋሽ ፍሪጅ። «ደክሞት ሊተኛ ነው የምትሞላው!»

«ቢደክምም የአዲሱ ጋዝ ጣሳ ውስጥ ያለው ጣሳው ላይ የተጻፈው ነው። መንገድ ላይ ቢፈስ ደግሞ የትም ይገኛል። የእርስዎ ቢፈስ ከመቃብር ሊያስመጡ ነው?»

አባቴ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለቱን አንድ ላይ ብናደርጋቸውስ?»

«አይቀላቀሉም!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ከዚያ በአንድ ድምፅ መናገራቸው ሁለቱንም አሳፈራቸውና ፊታቸውን አዞሩ።

አባቴ ፈገግ አለ። ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲሰማው ኖሯል። ሳሎናችን ገብቶ የተቀመጠ ባልና ሚስት ሁሉ የሚጀምረው «እኔና እሱ አንቀላቀልም» ብሎ ነው።

ማታ በእራት ላይ ስለ ጋዞቹ ያነበብኩትን ለቤተሰቡ አስረዳሁ። የአሮጌውን ብርታትና ጉዳት፣ የአዲሱን ብርታትና ጉዳት አንድ በአንድ ተነተንኩ። በመጨረሻም «እንግዲህ ሁለቱም እውነት አላቸው» አልኩ።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንዱ አልበቃ ብሎኝ ሌላ ወለድኩ» አለች።

ሦስተኛ ምክርም አላጣንም። ጎረቤታችን ባለታክሲው፣ የእሱ መኪና ኤሲ የሚሠራው በማብሰያ ጋዝ እንደሆነና ቅዝቃዜው ሰው እንደሚያስነጥስ በኩራት ነገረን። ኩራቱን ግን አላመንኩትም፤ እያወራን ሳለ ሲጋራውን ለመለኮስ ከመኪናዋ ብዙ እርምጃ ርቆ ሲሄድ አይቼዋለሁ። አባቴ እንኳ ያን ምክር ከመሃል ሊከፍለው አልሞከረም።

በማግስቱ አባቴ፣ ከአንዱ መጀመሩ አይቀርም ብሎ፣ ለጋሽ ፍሪጅ እሺ አለው። ማኑዋል መለኪያውን በመስመሩ ላይ አቀበለና ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ሥራ ጀመረ። ጋሽ ፍሪጅ ሲሊንደሩን አውጥቶ አቧራውን አራገፈና መሙላት ጀመረ። ግማሽ ሲደርስ ሲሊንደሩ አለቀ። ለካ ጋዙ በነዚያ ሁሉ ዓመታት በቀስታ ሲያመልጥ ኖሯል።

«ሌላ አፈላልግልሃለሁ። አንድ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን አለ፣ እዚያ አይጠፋም» አለ ጋሽ ፍሪጅ። «እስከዚያ አትንካት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጠብቃል። አባቴ ግን በግማሽ የቆመውን ነገር ሲያይ፣ ፈጣሪ ራሱ የፈረደ መሰለው። ቤት ሲመለስ በመለዋወጫ ሱቁ በኩል አለፈ፤ ከነቀጭን ቱቦዋና ከነማገናኛዋ የምትሸጥ የአዲሱ ጋዝ ጣሳ ገዛ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ብቻውን፣ እጅጌውን ሰብስቦ የጎደለውን ሞላ። ግማሹ የጋሽ ፍሪጅ፣ ግማሹ የማኑዋል። ተሸናፊ የለም።

ኋላ ለምን እንዲህ አደረግክ ስለው የመለሰልኝ «ሰው አስታርቄአለሁ፤ ጋዝ ምን ያቅተኛል?» ብሎ ነው።

የሚገርመው፣ ሠራ። ከሥራ ስመለስ እናቴ በቆመችው መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና አገኘኋት። አባቴ በሩ አጠገብ እንደ ሙሽራ ቆሟል።

«ቀዘቀዘ እኮ!» አለችኝ። እናቴን እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። ወዲያው ለአክስቴ ደወለች። «ነገ ከነገ ወዲያ እንወርዳለን፤ ፊቴን አጣጥቤ እመጣልሻለሁ» አለቻት። አክስቴ ስታለቅስ ከስልኩ ይሰማ ነበር።

ለፍተሻ ያህል ወደ ከተማው መሃል ወጣን፤ አባቴ ሲነዳ እናቴ አጠገቡ፣ እኔ ከኋላ። መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ መኪናዋ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነበረች። እናቴ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ ትልቁ የትራፊክ መብራት ላይ ተሽከርካሪው ተጠጋግቶ ቆመ። ፀሐዩ ጣሪያውን ይደበድባል። መጀመሪያ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ጮኸ። ቀጥሎ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው ነፋስ ለዘብ፣ ከዚያም ሞቅ አለ። አባቴ «አሁን ይለምዳል» አለ፤ ለአዲስ ተጋቢዎች የሚለው ቃል ነው። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ጎማ የፈነዳ የመሰለ ድምፅ ተሰማና ነጭ ጭጋግ መኪናዋን ዋጣት።

አጠገባችን የቆመ ባለሞተር ሞተሩን ጥሎ ሮጠ። እናቴን ደግፌ አወጣኋት፤ ላብ አጥምቋታል፣ ከንፈሯ ነጥቷል። በአንድ ሱቅ ጥላ ሥር አስቀመጥናት፣ ባለሱቁም ውሃ አመጣልን። ትንፋሿ ሲመለስ ዘይት የምታንጠባጥበዋን መኪና አይታ፣ አባቴን አይታ፣ በቀስታ ጠየቀችው፦

«ታረቁ?»

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዡ ገባች፤ ሦስታችንም ተከተልናት። ማኑዋል የፈነዳውን ቱቦ አየ፤ ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ አሸተተ። ጋሽ ፍሪጅ ከማዶ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየና አላስችለው ሲል ቢጫውን መስመር ተሻገረ። ጎን ለጎን ጎንበስ አሉ።

«ኮምፕረሰሩም ነክሷል፤ አይዞርም» አለ ማኑዋል።

«እኔ ግማሽ ነው የሞላሁት። ግማሽ በዚህ ግፊት አይፈነዳም» አለ ጋሽ ፍሪጅ።

«እኔ አልነካኋትም።»

ተያዩ። ከዚያ እኩል ቀና ብለው አባቴን አዩት።

«ጋሼ… አልቀላቀሉትም አይደል?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

ጋሽ ፍሪጅ ራሱን ይዞ ሳቀ፤ ማኑዋልም ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። «መጽሐፉ ላይ በቀይ የተጻፈው እኮ ይሄ አንዱ ብቻ ነው!» ይላል ማኑዋል። «ፍሪጅ እንኳ ያውቀዋል!» ይላል ጋሽ ፍሪጅ፣ ትከሻው ላይ እየተደገፈ። ያ ሁሉ ሽምግልና ያላቀራረባቸውን ሁለት ሰዎች የአባቴ ጅልነት በአንድ ከሰዓት አስታረቃቸው። አባቴ ይህንን ሳያስተውል አልቀረም፤ ፊቱ ላይ እንደ መኩራት ያለ ነገር ብልጭ ሲል አይቻለሁና።

እርቁ ግን እስከሚቀጥለው ጥያቄ ድረስ ነበር። «እና አሁን በየትኛው ይሞላ?» አልኩ እኔ።

«በአሮጌው!» «በአዲሱ!» ጋሽ ፍሪጅ ሳያውቀው ወደ መስመሩ ማዶ ተመለሰ።

አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል እናቴ ከተቀመጠችበት የጎማ ቁልል ላይ ተነሳች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ግማሽ ግድግዳ ሰጠኸኝ፣ ተቀበልኩ። ግማሽ መስኮት ሰጠኸኝ፣ ተቀበልኩ። እህቴ ግን የሚጠፋባት ግማሽ ብርሃን አይደለም። ግማሽ መንገድ ደግሞ አያደርሰኝም። አንዱን ምረጥ።»

«እሺ፣ ግን የሁለቱንም ሐሳብ…»

«መሃል የለም። ምረጥ።»

እኔ «እማዬ፣ በርግጥ ሁለቱም…» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተ ዝም በል፣ የአባትህ ልጅ!»

አባቴ ቢጫው መስመር ላይ ቆሟል፤ ጫማዎቹን ተመለከትኩ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነበር። ጋሽ ፍሪጅ የሚስቱ ዘመድ ነው፤ በየሳምንቱ ከእኛ ጋር ምሳ ይበላል። ማኑዋል የሟች አደራ ነው። አባቴ በሕይወቱ አይቶት በማያውቀው ችግር ላይ ወደቀ፤ ትክክለኛው መልስ አንድ ወገን ብቻ ነበር።

ወደ ጋሽ ፍሪጅ ዞረ። «ወንድሜ» አለው፣ «ያንተ ጋዝ ይሻል ይሆናል። ግን ውስጡ ምን እንዳለ አንተም አታውቅም። ይቺን ሴት የማላውቀው ነገር ላይ አስቀምጬ ቆላ አላወርድም። አንዴ አድርጌዋለሁ፤ ይበቃል። በአዲሱ ይሠራ።» ቆም አለና ከአፉ ሰምተን የማናውቀውን ቃል ጨመረ፦ «ተሸንፈሃል።»

የጋሽ ፍሪጅ ፊት ጠቆረ። ኮቱን አነሳ። «ዘመድ ማለት ለዚህ ነው?» ብሎ ወጣ።

ማኑዋል ሥራውን ጀመረ። ቱቦውን ለወጠ፣ ያገለገለ ነገር ግን ደኅና ኮምፕረሰር አፈላልጎ ገጠመ፣ የድሮውን ዘይት አጥቦ አወጣ፣ የደረቁትን ቀለበቶች አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፣ ፊልትሮውን ቀየረ። በሁለተኛው ቀን ውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት መምጠጥ ሲኖርበት እጁን አጣጥፎ ቆመ። ፓምፑ ያለው ከመስመሩ ማዶ፣ ተቆልፎበት ነው።

ጋሽ ፍሪጅ ከሰዓት በኋላ መጣ። ለአባቴ ሰላምታ አልሰጠም። ሳጥኑን ከፈተ፣ ፓምፑን ጎተተ፣ በመስመሩ ላይ አሻግሮ ማኑዋል እግር ሥር አስቀመጠው።

«በጥድፊያ እንዳታቋርጠው» አለው። «ሽማግሌ መኪና እርጥበቷን ቶሎ አትለቅም። እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»

ቆሞ አየ። አባቴ የቀረበለትን በርጩማ ሁለት ጊዜ ወደ እሱ ገፋለት፤ ጋሽ ፍሪጅ ሁለቱንም ጊዜ እንዳላየ ሆነ። የሳምንቱ ምሳችንንም ሳይመጣ ቀረ። አሸናፊ ሲኖር ስለሚከተለው ነገር አባቴ ልክ ነበር፤ እናቴ ግን ሻንጣዋን አሰረች።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ማኑዋል እንደነገረን ነበር፦ መንገዱ ክፍት ሲሆን ነፋሱ ቀዝቃዛ፤ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፈን ስንቆም ደካማ። እናቴ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ በየጥቂቱ ውሃ እየተጎነጨች ወደ ፊት ታያለች። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሙቀቱ በመስታወቱ ውስጥ እንደ እጅ ይነካ ጀመር። እኔ ከኋላ ሆኜ ትንፋሿን እሰማለሁ።

ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ሁለት የነፋስ መውጫዎች አሉ፤ አንዱ ወደ እሷ፣ አንዱ ወደ አባቴ የዞረ። አባቴ እጁን ዘረጋ። ልማዱን ስለማውቅ ነፋሱ ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ ሊያስተካክል ነው ብዬ ነበር። የራሱን ያዘና ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አዞረው። ከዚያ ከመሪው ጎን ያለችውንም የራሱን መውጫ ዘጋት፤ የቀረውም ነፋስ ወደዚያው እንዲሄድ። እናቴ አየችው። ፎጣውን ከአንገቷ አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗን አጥብባ፣ አንዴ ወደ ብርሃኑ አንዴ ወደ ጥላው እያዞረች፣ የእህቷን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ያላመነውን በእጇ ልታረጋግጥ ጉንጯን ዳበሰች።

«ምነው በዚህ ሐሩር ጉንጭሽ ቀዘቀዘ?» አለች። ፊቷን ወደ አባቴ አዞረች፤ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጣብቆ ከአገጩ ላብ ይንጠባጠባል። «ይሄ ሰውዬስ ዋኝቶ ነው የመጣው?»

«አይ» አለች እናቴ። «ፈርዶ ነው።»

ወደ ውስጥ ገባን። ጠባቧ ሳሎን ውስጥ አንዲት ማራገቢያ አለች። አክስቴ እናቴን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ እጇን ይዛ፣ ማየቷን ቀጠለች። እኔና አባቴ ጥግ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ትንሽ ቆየና ወደ ማራገቢያዋ ጎንበስ አለ፤ ወዲያና ወዲህ እየዞረች ለሁላችንም እኩል እንድታደርስ የምታደርገውን ቁልፍ ሊጫን።

እናቴ ከእህቷ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ጉሮሮዋን ጠረገች።

አባቴ እጁን መለሰ።